ቀዮቹና ቢጫዎቹ

የናቺሙቱ አፍ በመንደሩ ሁሉ የታወቀ ነበር። ለወሬ ይከፈታል፣ ለዳጉሳ ገንፎ ይከፈታል፣ ከሁሉ በላይ ግን ለቅጠል ይከፈታል። ቤቴል የሚሉትን ሰፊ ቅጠል ከሽርጡ እጥፋት መዥረጥ ያደርጋል፤ ከእናቱ የወረሳትን ትንሽ የነሐስ ሙዳይ ከፍቶ በጣቱ ኖራ ይቀባዋል፤ የተከተፈ የዘንባባ ፍሬና ቁንጣሪ ትንባሆ ጨምሮበት ይጠቀልልና ግራ ጉንጩ ውስጥ ይወትፈዋል። ከዚያ በኋላ ሰው ቢያናግረው የሚመልሰው በቅንድቡ ነው። ሚስቱ አሩካኒ ያንን ያበጠ ጉንጭ ከተዳረች ጀምሮ ስታየው ከመኖሯ የተነሣ፣ የሰው ሁሉ ግራ ጉንጭ ከቀኙ ይበልጣል ብላ ብታምን አይፈረድባትም።

እርድ በሚተከልበት ሰሞን ኢኒያ የምትባል ወጣት ሐኪም ከከተማ መጣችና ቦይ ዳር ካለው ቤተ መቅደስ ጥላ ሥር ወንበር ዘረጋች። የሰዉን አፍ በባትሪ ልታይ ነው የመጣችው። አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል ይባላል፤ በዚያን ቀን የታየው ግን ሌላ ነገር ነው።

"ጋሼ፣ ኧረ መጀመሪያ የያዙትን ይትፉት!" አለች ናቺሙቱ ፊቷ ሲቀመጥ። "እኔ ጉንጭዎን ነው የማየው፤ እርሻዎን አይደለም።"

ሰልፈኛው ሳቀ። ናቺሙቱ ተነሥቶ ተፋና ተመለሰ። ዶክተሯ በባትሪው ስታይ፣ ስታይ፣ ስታይ ቆየችና ሳቋ ጠፋ። ትንባሆው በሚያርፍበት ቦታ ላይ ቆዳው እንደ ደረቀ ወተት ነጥቶ ነበር።

"ካንሰር አይደለም" አለች ወደ አሩካኒ ዞራ፤ ሚስትየዋ ፊቷ ሲለወጥ አይታ ነው። "ዝም ካሉት ግን ወደዚያ ሊሄድ ይችላል። ትንባሆውን ማቆም አለባቸው፤ ሌላ አማራጭ የለም።"

አሩካኒ ባሏን አየችው። ይህ ሰው ነገረኛ ነው፣ ሰነፍ ነው፣ ሲያንኮራፋ ጣራው ይነሣል፤ ቢሆንም የእሷ ነው። ሁለት ሴቶች ልጆቿን ድራ ካበቃች በኋላ በዚያ ቤት ውስጥ ከእሷ ጋር የቀረው እሱ ብቻ ነው፣ እሱን ማጣት አትፈልግም።

ከናቺሙቱ ቀጥላ የተቀመጠችው ታላቅ እህቱ ማራካል ነበረች። ከወንድሟ ቤት ፊት ለፊት የምትኖር ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ ቅጠል በማኘክ ወንድሟን ታስከነዳለች፣ በምላስ ደግሞ መንደሩን። የእሷም ጉንጭ ነጥቶ ተገኘ። "ወይ ጉድ!" አለች፤ "አንድ ቀን እንኳ ካንተ የተለየ ነገር አይድረሰኝ?"

የታየው ሁሉ ታይቶ ሲያልቅ፣ እንዲህ ዓይነት ንጣት የተገኘባቸውን ዶክተሯ ለብቻቸው ሰብስባ ንግግር አደረገች። እርድ ውስጥ ቢጫውን ቀለም የሚሰጠው ኩርኩሚን የሚባል ንጥረ ነገር እንዳለ፣ በቤተ ሙከራ የካንሰር ሕዋሳትን ሲያዳክም እንደታየ፣ በሰው አፍ ላይ ይሥራ አይሥራ ግን ገና ማንም በእርግጠኝነት እንደማያውቅ ነገረቻቸው። በወጥ የሚበላው እርድ ትንሽ ስለሆነ ሰውነት ብዙም ሳይጠቀምበት ያልፋል፤ እነሱ ግን ንጥረ ነገሩን አጣርተው በካፕሱል አድርገውታል። ከዚያ ዋናውን ነገር ተናገረች። "ግማሾቻችሁ እውነተኛውን ታገኛላችሁ። ግማሾቻችሁ መልኩ አንድ የሆነ ባዶ ዱቄት። የማን የትኛው እንደሆነ እኔም አላውቅም፣ እናንተም አታውቁም። እንዲያ ካልሆነ ማወዳደር አይቻልም። እና ሁላችሁም ትንባሆ ታቆማላችሁ።"

ምን ያደርጋል፣ ይህን የሰማት የለም። "እርድ" የሚለው ቃል ከአፏ እንደወጣ የሰዉ ጆሮ ተደፍኗል። እነዚህ እኮ ሲወለዱ በእርድ የሚታጠቡ፣ ሲዳሩ እርድ የሚቀቡ፣ በአንገት የሚታሰረውን የጋብቻ ክር እንኳ በእርድ የሚነክሩ ሰዎች ናቸው። ማሳቸው እርድ ነው፤ ጥፍራቸው ቢጫ ነው።

"ለእኛ ነው ስለ እርድ የምትነግሪን?" አለች ማራካል። "ልጄ፣ አንቺ ካፕሱሉን አምጪው እንጂ። ሌላውን ለእኛ ተዪው።"

ሁሉም ጥናቱ ውስጥ ለመግባት ተስማሙ፤ ፈረሙ፤ እያንዳንዱ ጠርሙሱን ይዞ ሄደ። ናቺሙቱ ደግሞ በዚያው ቀን የራሱን ፍልስፍና አወጣ።

"ይኸውልሽ" አለ ቅጠሉን እየጠቀለለ፣ "ትንባሆው እሳት ነው እንበል። እርዱ ደግሞ ውሃ። ውሃው በየቀኑ ከገባልኝ እሳቱ ምን ያመጣል?"

"እሷ እኮ ያቁሙ ነው ያለችው" አለች አሩካኒ። የባሏን ስም አትጠራም፤ እንደ አገሩ ወግ አንቱ ትለዋለች። አንቱታው ግን ከመሳደብ አግዷት አያውቅም። "እርስዎ ሰውዬ ጆሮዎ የተሠራው ለጌጥ ነው?"

"ዘብ ያለው ሰው ሌባ አይፈራም" አለና ጉርሻውን ወተፈ። እንዲያውም ከበፊቱ አበዛው። አሩካኒ ለመነችው፣ ተቆጣችው፣ ገንፎውን ያለ ጨው አቀረበችለት፤ ወይ ፍንክች።

እርዱ ጉልበት ድረስ አድጎ ቅጠሉ ማሳውን ሲያለብሰው የጎረቤት ልጅ የበኩር ልጇን ታቅፋ ከባሏ አገር ለጥየቃ መጣች። እንዲህ ያለ እንግዳ ደጃፍ ላይ ቆሞ ይጠብቃል እንጂ ዝም ብሎ አይገባም። በሳህን ውሃ እርድ ይበጠበጣል፤ በላዩ ኖራ ጠብ ሲደረግበት ቢጫው ውሃ ዓይን እያየ ደም ይመስላል። ሴቶች ያንን ቀይ ውሃ በእንግዳው ፊት ያዞሩና ከዓይነ ጥላ እንዲጠብቀው ግንባሩ ላይ ነክተው ውሃውን መንገድ ላይ ይደፉታል። አሩካኒ ይህን ስታዘጋጅ ነበር፤ ጣቷ በኖራ እንደተነከረ፣ ባሏ ከማሳ ገብቶ "ካፕሱሌን አምጪ፣ ሰዓቱ አለፈ" ብሎ ጮኸባት። ከትንባሆው እኩል ለካፕሱሉም ሱስ ይዞት ነበር።

አንዱን ከጠርሙሱ አወጣች። ጣቷ እርጥብ ነበርና ካፕሱሉ ተልፈሰፈሰ፤ ተሰነጠቀ፤ ቢጫ ዱቄት ኖራው ላይ ፈሰሰ።

አሩካኒ ጣቷን አየች። ጠበቀች። አሻሸችው። ቢጫ ነው። ደግማ አሸችው። አሁንም ቢጫ። አሸተተችው፤ የእርድ ሽታ የሚባል የለውም።

"ምን ትገተሪያለሽ?" አለ ናቺሙቱ።

"ኧረ ምንም" አለችና ሌላ ካፕሱል ሰጥታው በጓሮ በር ወጥታ ሮጠች። ሳህኑን ለእንግዳዋ እንኳ ያዞረችው ሌላ ሴት ናት።

ማራካል ደጃፏ ላይ እግሯን ዘርግታ ታኝክ ነበር። አሩካኒ የሆነውን ስትነግራት መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ከራሷ ጠርሙስ አንድ ካፕሱል አውጥታ በጥርሷ ሰነጠቀችና መዳፏ ላይ አፈሰሰችው። ከኖራዋ ጨለፍ አድርጋ ነካችው። መዳፏ የሙሽራ እጅ መሰለ፤ ቀይ በቀይ።

"አየሽ!" አለች ብድግ ብላ። "አየሽ አይደል? መድኃኒት እንኳ ሰው ያውቃል! ለእኔ ወርቁን፣ ለወንድሜ የካሳቫ ዱቄት!"

"እትዬ፣ በቤተ መቅደሳችን አምላክ በእናት ማሪአማን ይዤዎታለሁ፣ ለማንም እንዳይናገሩ።"

"እኔ? እኔ ምን አፍ አለኝ?"

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ልብስ የሚታጠብበት ቦይ ዳር አንድ ጠዋት በቃ፤ ጥናቱ ውስጥ የገባ ሁሉ ካፕሱሉን እየሰነጠቀ ኖራ ይነካ ጀመር። መንደሩ ለሁለት ተከፈለ። ዱቄታቸው የቀላላቸው "ቀዮቹ" ተባሉ፣ ያልቀላላቸው "ቢጫዎቹ"። ማንም ግማሹ ባዶ እንደሚሆን አስቀድሞ መነገሩን አላስታወሰም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ እንዲሉ፣ ያስታወሱም ካሉ ዝም አሉ። ቢጫዎቹ ፋብሪካው ዶክተሯን አታሏታል አሉ። ቀዮቹ ደግሞ ዕድል ለሚገባው ነው የሚደርሰው አሉና ደረታቸውን ነፉ፤ ቅጠላቸውንም እጥፍ አድርገው በቢጫዎቹ ፊት ያኝኩ ጀመር። "እኛማ ዘብ አለን!" ይላሉ፤ ይህች አባባል የማን እንደነበረች ታውቋቸው ይሆን?

የአባባሉ ባለቤት ቤቱ ተቀምጧል። ጠርሙሱን እያገላበጠ ያያል፤ ጉንጩም ባዶ ነው።

"ታዲያ እስከ ዛሬ ራቁቴን ነበር እንዴ የምሄደው?" አለ በመጨረሻ።

አሩካኒ አላስቻላትም። ተነሥታ ከጎተራ ምርጡን እርድ አወጣች፤ ቀጠቀጠችው፤ ነፋችው፤ የባሏን ካፕሱሎች እየፈታች ዱቄታቸውን እየደፋች በራሷ እርድ ልትሞላ ተቀመጠች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይህ ነው። ካፕሱሉ አንዴ ይሾልካል፣ አንዴ ይጨፈለቃል፤ ከሞላ አይገጥም፣ ከገጠመ ጎኑ ይቀደዳል። ምንጣፉ፣ ሳሪዋ፣ አፍንጫዋ፣ የተኛው ድመት ሳይቀር ቢጫ ሆነ። ናቺሙቱ አንዱን ሲውጥ ጉሮሮው ላይ ተከፈተበትና ቢጫ አቧራ እያስነጠሰ በግቢው ዞረ።

"እሷ እኮ የቤቱ እርድ ሳይጠቅም ያልፋል ብላለች" አለ እንባው እየወረደ።

"አሁን ጆሮዎ ሠራ?"

ይህን ሲባባሉ ማራካል ገባች። ሳሪዋ ሥር የደበቀችውን ጠርሙስ አወጣችና ምንጣፉ ላይ ቁጭ አደረገችው። ዓይኗ ወደ ጣራ ነበር።

"ግማሹን ውሰድ" አለች ወንድሟን። "እኔ ወፍራም ነኝ፤ ግማሹ ይበቃኛል።"

ናቺሙቱ ጠርሙሱን አየው። አንሥቶ መልሶ እጇ ላይ አስቀመጠው። "የእህቴን ጋሻ ነጥቄ እኔ ልድን? ሂጂ ወዲያ። እናታችን ብትሰማ በየት በኩል ታሳልፈኛለች?"

"ታዲያ ልትሞት ነው?"

ናቺሙቱ ግራ ጉንጩን በመዳፉ ያዘ። አሩካኒ ሠላሳ ዓመት ስትጠብቀው የኖረችው በር ገርበብ ማለቱ ገባት። ፊቱ ተንበርክካ ተቀመጠች።

"ቀዮቹ መድኃኒት አላቸው" አለችው። "እርስዎ የለዎትም። እርስዎ ያለዎት ይቺ አንድ አፍ ብቻ ናት፤ እኔም ያለኝ እርስዎ ብቻ ነዎት። ይተዉልኝ።"

ናቺሙቱ ሽርጡን ዳበሰ፤ ሙዳይዋን ነካት። ከዚያ ተነሥቶ ወጣ። ሲመለስ፣ "ቦይ ውስጥ ጣልኳት፤ ትንባሆውንም፣ ሙዳይዋንም" አለ። የእናቱን ሙዳይ! አሩካኒ ደስታና ሐዘን ተደባልቆባት ማልቀስ ጀመረች፤ በዚያው ዕለትም በቤት ውስጥ የነበረውን ኖራ ሁሉ ጠራርጋ ለጎረቤት ሰጠች።

ከዚያ በኋላ የመጡት ሳምንታት ለአሩካኒ ይቅርና ለበሬዎቹም አልተመቿቸውም። ናቺሙቱ ዝናቡን ተጣላው፣ የአውቶቡሱን ጥሩምባ ተጣላው፣ ኮኮናቱን ለምን ክብ ሆንክ ብሎ ተጣላው። ቅርንፉድ አኘከ፤ ሸንኮራ አኘከ፤ አንድ ቀን የሽርጡን ጫፍ ሲያኝክ ተገኘ። ያዳነው በቀዮቹ ላይ የያዘው እልህ ነው። ሌሎቹም ቢጫዎች አንድ በአንድ ፈርተው ትንባሆ ማቆም ጀመሩና ከቤተ መቅደሱ ጥላ ሥር አንድ ላይ ይሰበሰቡ ጀመር። የሽምብራ ቆሎ ይዘው ይመጡና ቀዮቹ በሚያልፉበት ሰዓት ሆን ብለው ያንኮሻኩሹታል።

"እናንተ ባዶዎች!" ትላቸዋለች ማራካል ስታልፍ፣ ቀይ ምራቋን እየተፋች። "ፈረስ እንኳ እንዲህ አይበላም!"

"ፈረስ ጥርስ አለው፣ እትዬ!" ይሏታል። "የእርስዎን እስኪ ያሳዩን!"

የእርዱ ቅጠል ደርቆ በሚታጨድበት ወቅት ዶክተር ኢኒያ ባትሪዋን ይዛ ተመለሰች። አፍ ታያለች፣ ትጽፋለች፣ ደግማ ታያለች። አሩካኒ ከባሏ ጎን ቆማ የልጅቷ ፊት ቀስ በቀስ ሲበራ ታየዋለች። ግማሹ ሰው ነጩ ጠፍቶለታል ወይም አንሶለታል፤ ግማሹ እንደነበረ ነው፣ አንዳንዱም ብሶበታል። የናቺሙቱ በጣም አንሶ ነበር፤ ሆኖም ጥግ ላይ የቀረች አንዲት ቦታ ዶክተሯን አላስደሰተቻትም። ከዚያች ቦታ ኢምንት ቆርሳ ለምርመራ ወሰደች። የማራካል ግን ሰፍቶ ነበር። ከእሷም ቆርሳ ወሰደች።

"እትዬ አሩካኒ" አለች ዶክተሯ ዕቃዋን ስትሸክፍ፤ ደስታዋን መደበቅ አቅቷት ነበር። "ለሌላ ሰው አልናገርም፤ የማን የትኛው እንደሆነ ምስጢሩ ገና አልተፈታም። ግን ሲታይ ልዩነቱ ግልጽ ነው። ያገኘነው ይመስለኛል! እርዱ የሠራ ይመስለኛል!"

አሩካኒ ወደ ቢጫዎቹ ዞር ብላ አየች። ዝም ብትል ማን ያውቃል? ልጅቷ ደስ ብሏት ትሄዳለች፣ መንደሩም ይመሰገናል። ግን የተሻላቸው ባዶውን ዱቄት የዋጡት ናቸው። ዝም ብትል ይህ ወሬ ወደ ሌላ መንደር ይሄዳል፤ እዚያም አንድ ናቺሙቱ "ዘብ አለኝ" ብሎ ጉንጩን ይሞላል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ማራካል አለች፣ ጠርሙሷን ሳሪ ሥር ደብቃ የመጣችው ማራካል፤ አሁንም በወርቋ ተማምና ታኝካለች።

"ልጄ፣ እጅሽን ስጪኝ" አለች።

ከማራካል ኖራ ለመነች፤ ከአንዱ ቢጫ አንድ ካፕሱል፣ ከአንዱ ቀይ አንድ ካፕሱል ተቀበለች። ሁለቱን በዶክተሯ ሁለት መዳፎች ላይ አፍስሳ በኖራ ነካቻቸው። ቀኙ ቀላ፤ ግራው ቢጫ ሆኖ ቀረ። ከዚያ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረቻት፤ ስለ ቀዮቹ፣ ስለ ቢጫዎቹ፣ ስለ ሽምብራው።

ዶክተር ኢኒያ የታጨደ የእርድ ቅጠል ክምር ላይ ዘጭ አለች። ሁለት እጆቿን እንደዘረጋች ነው።

"ነግሬያችሁ ነበር እኮ" አለች በቀጭን ድምፅ። "ግማሹ ባዶ ነው ብዬ ነግሬያችሁ ነበር።"

"ነግረሽናል። እርድ ስትዪ ጊዜ ሌላውን አልሰማንሽም።"

"ፕሮፌሰሬ በቁሜ ነው የሚቀብሩኝ።"

"ይምጡና ይሞክሩ፤ አካፋ እኛ ነን የምናውሰው? በይ አይዞሽ" አለ ናቺሙቱ።

ልጅቷ ልታለቅስ አፏን አጣመመች። ግን ዓይኗ በቀዩ መዳፏ ላይ፣ ቀጥሎ በቢጫው፣ ቀጥሎ ቆሎ ይዘው በተደረደሩት ሽማግሌዎች ላይ አረፈና ሳቅ አመለጣት። ሳቀች፣ ሳቀች፣ እንባዋን በክንዷ ጠረገች። እጇን መጠቀም አልቻለችም።

"እሺ" አለች ሲወጣላት። "ይህ መንደር ከጥናቱ ወጥቷል። ሌላ ቦታ ይቀጥላል፤ እዚያ ኖራ ካላገኙ። እርዱ ይጥቀም አይጥቀም ዛሬም አላወቅንም፤ ገና ጥያቄ ነው። ያወቅነው ትንባሆ የተወ ሰው አፉ እንደሚሻለው ነው፤ እሱን ደግሞ ድሮም እናውቀው ነበር።" ወደ ማራካል ዞረች። "እትዬ፣ እርስዎ ጋሻ አለኝ ብለው እሳት ውስጥ ገቡ። ይውጡልኝ።"

ማራካል ማኘኳን አቆመች። ጉንጯ ውስጥ የነበረውን ወደ መዳፏ ተፋችና የት እንደምታስቀምጠው ጨነቃት።

ውጤቱ የደረሰው እርዱ ተቆፍሮ፣ ተቀቅሎ፣ ግቢው ሙሉ በተሰጣበት ሰሞን ነው። ወንድምና እህት በጠዋቱ አውቶቡስ ወደ ሆስፒታል ሄዱ። አሩካኒ ቀረች፤ ሰማዩ ደመና አርግዞ የተሰጣውን እርድ ማን ይሰብስበዋል? ዝናብ ከነካው የዓመት ልፋት ሻገተ ማለት ነው። ይህ የነገረቻቸው ምክንያት ነው። እውነቱ፣ የሐኪሙን ቃል ከሐኪሙ አፍ ለመስማት ድፍረት አጣች።

ቀኑን ሙሉ እርዱን አገላበጠች፤ መገላበጥ የማያስፈልገውን ጭምር። ስለ ባሏ ማንኮራፋት አሰበችና ዛሬ ማታ ቤቱ ዝም ቢል ምን እንደምትሆን አሰበች። ፈራች። አመሻሹ ላይ ተነሥታ ሳህን ውሃ ቀዳች፣ እርድ በጠበጠች። ከሆስፒታል የሚመለስ ሰው በባዶ ደጃፍ አይገባም። ኖራ ስትፈልግ ነው የቤቱን ሁሉ ጠርጋ መስጠቷ ትዝ ያላት። ጎረቤት ልትበደር ስትነሣ የአውቶቡሱ ጥሩምባ ተሰማ። ሳህኑን እንደያዘች ደጃፉ ላይ ቆመች።

ሁለቱ በመንገዱ ቀስ ብለው መጡ። ማራካል የሳሪዋን ጫፍ ጨብጣለች። ናቺሙቱ መሬት መሬት ያያል። ደጃፉ ላይ ደርሰው ቆሙ። አሩካኒ ሳህኑን ከፍ አደረገች።

ናቺሙቱ ሳህኑን አየው። "ውሃሽ ቢጫ ነው" አለ።

"ኖራ የለም" አለች። "እኔው ነኝ የጨረስኩት።"

ሰውየው እጁን ወደ ሽርጡ እጥፋት ሰደደ። አወጣው። የነሐሷ ሙዳይ መዳፉ ላይ ተቀምጣለች።

"ይቺ!" ጮኸች አሩካኒ፤ ፍርሃቷ ሁሉ ወደ ቁጣ ተገለበጠ። "ይቺ ቦይ ውስጥ አይደለችም እንዴ? እኔ አልቅሼላት! አንቱ ውሸታም! አንቱ..."

"ትንባሆውን ጥያለሁ" አለ። "እሷን አልቻልኩም፤ የእናቴ ናት። በየቀኑ አብራኝ ውላለች። ግን አንድ ቀን ከፍቻት አላውቅም። እስኪ እያት።"

ክዳኗ ነክሶ ይዞ እምቢ አለ፤ በጥርሱ ሳብ አድርጎ ከፈተው። ውስጧ ያለው ኖራ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። በጥፍሩ ፍቆ ሳህኑ ውስጥ ጣለው፤ በጣቱ አማሰለው። መጀመሪያ ምንም አልሆነም። ከዚያ አንድ ቀይ ክር ከጣቱ ሥር ወጣ፤ ዞረ፤ ሰፋ፤ ሳህኑ በሙሉ ቀላ።

"ዶክተሯ ጉንጬ ንጹሕ ነው አለች" አለ ቀስ ብሎ። "ምንም የለበትም። በየጊዜው እየመጣሁ እንድታየኝ ብቻ ነው የምትፈልገው።"

አሩካኒ ሳህኑን ሳትደፋው መቆሟ ተአምር ነው። እንባዋ ቀዩ ውሃ ውስጥ ጠብ ጠብ አለ። ማልቀሷንም መሳቋንም አታውቀውም።

"እኔንስ የሚጠይቀኝ የለም?" አለች ማራካል ከወንድሟ ጎን እየተጋፋች። "የእኔ ገና ጅምር ላይ ነው አሉ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ትንሽ ቆርጠው ያወጡታል፣ ከዚያ ያልቃል። ከጉንጬ የፈለጋችሁትን ውሰዱ፣ ምላሴን ግን እንዳትነኩ ብዬ አስጠንቅቄያለሁ።" ከሳሪዋ ጫፍ የራሷን የኖራ ዕቃ ፈታችና አሩካኒ ክንድ ሥር ወሸቀችላት። "ያዢው። ቤትሽ ኖራ አይጥፋ። አሁን አዙሪልን፤ እግሬ ዛለ።"

አሩካኒ ሳህኑን በሁለቱም ፊት አዞረች። ጣቷን ነክራ መጀመሪያ የማራካልን፣ ቀጥሎ የባሏን ግንባር ነካች። ናቺሙቱ ቀዩን ውሃ በቅንድቡ መካከል እያንጠባጠበ እህቱን በኩራት አያት።

"እንግዲህ እኔም ከቀዮቹ ገባሁ" አለ።

"ውሸታም ቀይ!" አለች አሩካኒ አፍንጫዋን እየጠረገች፣ ውሃውን መንገድ ላይ ልትደፋ በአጠገቡ እያለፈች። "ይግቡ ወደ ቤት። ገንፎው በርዷል።"